ግድግዳ፣ ሱፍ፣ ሸክላ ወይስ ጨርቅ? ከሠዓሊ ጋር የጋራ ሥራ ለመሥራት ላሰቡ የሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች

ትምህርት ቤታችሁ አንድ ሠዓሊ አግኝቷል እንበል። ከአዲስ አበባ የመጣ ምሩቅ ሊሆን ይችላል፣ እዚያው ከተማ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ጎረምሳም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ገንዘብ አለ። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ) ተሰብስቦ "ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ይሳልልን" ብሎ ወስኗል። ብዙ ጊዜ ምክክሩ እዚሁ ላይ ያበቃል። ቀለም ይገዛል፣ ሠዓሊው መሰላል ላይ ይወጣል፣ ልጆቹ ከታች ሆነው አንጋጠው ያያሉ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም መዳፉን ቀለም ነክሮ ጥግ ላይ ያትማል። ፎቶ ይነሳና "ከተማሪዎች ጋር የተሠራ" ይባላል።

ይሄ ተማሪዎች ባሉበት የተሠራ ነው እንጂ ከተማሪዎች ጋር የተሠራ አይደለም። ነውር የለውም፣ ግቢው ያምራል። ግን ለዚያ ከሆነ ሠዓሊውን ትምህርት በማይኖርበት ጊዜ ጠርታችሁ ቀብቶ ይሂድ፤ የልጆቹንም ክፍለ ጊዜ አታባክኑ።

ይሄ ጽሑፍ አብረው ለመሥራት ለቆረጡ ነው። አማራጮቹን የማወዳድረው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ልጁ በሥራው ውስጥ በራሱ የሚወስነው ነገር አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ሠዓሊው ከሄደ በኋላ ሥራው ሲጎዳ ትምህርት ቤቱ በራሱ አቅም ይጠግነዋል ወይ? ዋጋ፣ ውበት፣ የእንግዶች አድናቆት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በተለይ ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም። በሁለተኛው ዓመት ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረው እሱ ነው፤ ተልጦ የተንጠለጠለ ሥዕል ከባዶ ግድግዳ የባሰ ያስጠላል።

ግድግዳ

ከሁሉም የሚታየው ይሄ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ ባለው አስፋልት ዳር ያለ ትምህርት ቤት አጥሩን ቢቀባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ያየዋል። ለገንዘብ ሰጪም ደስ የሚል ነው። ብዙዎች ሌላውን ሳያዩ ይሄን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ከልጆችና ከወጣቶች ጋር ከተሠሩ ግድግዳዎች በዓለም ስሙ የገነነው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ጁዲ ባካ የምትባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በየትምህርት ቤት ዕረፍቱ ወጣቶችን ሰብስባ በአንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ግድግዳ ላይ የካሊፎርኒያን ታሪክ አሣለች። ርዝመቱ ከ800 ሜትር ያልፋል፤ ከ400 በላይ ወጣቶች ተሳትፈውበታል። እዚያ ለእኛ የሚጠቅመን ርዝመቱ አይደለም። ብሩሽ ከመነሳቱ በፊት ታሪክ አዋቂዎችንና የሰፈሩን ሰዎች ማዳመጣቸው ነው። ምን እንደሚሣል ሳይታወቅ ቀለም አልተከፈተም።

እኛም ጋ ይሄ ክፍል ነው የሚዘለለው። ሠዓሊው ንድፉን በስልኩ ይዞ ይመጣል፦ አንበሳ፣ ጀበና፣ መጽሐፍ የምታነብ ሴት ልጅ። ለመሐል ሜዳ ልጅ ግን አንበሳ የወሬ እንስሳ ነው። ጓሳ አካባቢ በግ የጠበቀ ልጅ የሚያውቀው ጭላዳን ነው። እንዴት ተቀምጦ ሣር እንደሚነጭ፣ ወንዱ ጋማው በነፋስ እንዴት እንደሚነሳ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ያውቃል። ወረቀት ስጡትና ሣልልኝ በሉት። እጅና እግሩ ሊንሻፈፍ ይችላል፣ ደረቱን ግን አይስተውም። ጎበዝ ሠዓሊ ያንን የተንሻፈፈ ጭላዳ እንዳለ አጉልቶ ግድግዳ ላይ ያወጣዋል። ደካማው "አስተካክሎ" ይሥለዋል። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። የልጁን ሥዕል በእርሳስ በካሬ ካሬ ትከፍሉታላችሁ፤ ግድግዳውንም በኖራ ክር እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነው ካሬ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካሬ ይይዛል፣ ያየውን ብቻ ወደ ግድግዳው ያሻግራል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ መሬት ቆሞ ተመችቶት የሚሠራው እስከ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሠዓሊውና የመምህራን ድርሻ ይሁን። ልጅ መሰላል ላይ አይወጣም፣ በቃ። ንድፉ ሲወጣ ቁም ነገሩ ከታች፣ ሰማዩ ከላይ እንዲሆን አድርጉት። ሠዓሊው ሰማይ መቀባት ከሰለቸው ይሰልቸው።

አሁን ወደ ጥገናው። የደጋው ግድግዳ ጠላቱ ብዙ ነው። ጠጋ ብላችሁ አንድ የተበላሸ ሥዕል እዩ። መጀመሪያ ሽንብራ የሚያህል እብጠት ይወጣል። በጣት ሲጫኑት ይሰበርና ከኋላው ነጭ ጨው ይታያል። እሱ ከመሠረቱ በድንጋዩ በኩል ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት ያመጣው ነው። ውሃው ሲተን ጨዉን ቀለሙ ሥር ይተወዋል፤ ጨዉ ሲጠነክር ቀለሙን ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ልጆች ደግሞ የለቀቀ ቀለም ካዩ ሳይልጡ አያልፉም። ስለዚህ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል አትሣሉበት። ውሃ የሚሄድበት ቦይ ከሌለው አጥር ጋርም አትታገሉ፣ መጀመሪያ ቦዩ ይቆፈር። አዲስ የተለሰነ ግድግዳም ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው አይቀባ፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ይበላል።

ሌላው ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ለሥራ የተመቸ ይመስላል። ግን በውሃ የሚቀጥን ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሩ፣ 9 ሰዓት ላይ አቁሙ። አመሻሽ የተቀባ ቀለም ሌሊቱን ውርጭ ሲያገኘው ጠዋት እጅ ላይ ይቀራል። ጣርማ በር አካባቢ ደግሞ ጉሙ አለ፤ እዚያ ግድግዳው ቀን ሙሉ ላይደርቅ ይችላል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ከሆነ ችግሩ ይገለበጣል፦ ቀለሙ ብሩሽ ላይ እያለ ይደርቃል፣ ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ነው የሚሠራው።

ቀለም ስትገዙ የውጭ ግድግዳ ቀለም በሉ። አንድ ሊትር በለስላሳ ልስን ላይ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ በሻካራ ላይ ያንሳል። 10 ሜትር በ2 ሜትር ለሆነ ግድግዳ ሁለት ዙር ነጭ መሠረት ለመቀባት 5 ሊትር ገደማ ያዙ። የዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፣ ርካሽም ሊሆን ይችላል፤ ግን ከልጅ እጅ የሚለቀው በተነር ነው፣ ሽታውም አይቻልም። የዘይት ቀለሞች ላይ ሌላም ሥጋት አለ። ሊድ የሚባለው ማዕድን ለልጅ አእምሮ መርዝ ነው፤ በአገራችንም መጠኑ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ ወጥቷል። ጣሳው ላይ ምንም ያልተጻፈበትን፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን ትታችሁ እለፉ። ደማቅ ቀይና ቢጫ በፀሐይ ቶሎ ይጠፋሉ። የአፈር ቀለማት፣ ማለትም ቀይ አፈሩ፣ ቡናማው፣ ኦቾሎኒ መልኩ፣ ይሰነብታሉ።

የጭቃ ክፍል ያላችሁ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም ባትገዙ ይሻላል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ይተነፍሳል፤ ፕላስቲክ ቀለም ያፍነውና ከነምርጊቱ ይዞት ይወርዳል። ነጭ አፈር፣ ቀይ አፈር፣ የከሰል ጥቁር በቂ ነው። ቤታቸውን በየበዓሉ የሚቀቡ እናቶች ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚወጣ ያውቃሉ። በየዓመቱ መታደስ አለበት። እኔ ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም፤ በየዓመቱ አዲስ ሦስተኛ ክፍል አለ።

ሱፍ

አዳልቼ ልናገር። መንዝ፣ ሞላሌ፣ ሰላ ድንጋይ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ትምህርት ቤት ቢጠይቀኝ ከግድግዳው በፊት ይሄን ነው የምለው። የመንዝ በግ እዚሁ አለ። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ከዚሁ የወጣ ነው። የበጉን ጸጉር ሸልቶ፣ አጥቦ፣ በደጋን ነድፎ፣ በእንዝርት ፈትሎ የሚያውቅ ሰው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ብዙ ሳትርቁ ታገኛላችሁ። ሠዓሊ ብቻውን ይህን ሁሉ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠዓሊውም ተማሪ ይሆናል። ልጆቹ ይሄን ሲያዩ አንድ ነገር ይለወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከወፍራም ካርቶን 20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል። ሁለት ጫፉ ላይ በየግማሽ ሳንቲ ሜትሩ ይነከሳል፣ ክር ይወጠርበታል። ይህ የልጁ ሸማ መሥሪያ ነው። በዚያ ላይ በጣቱና በወፍራም መርፌ ክሩን ላይ ታች እያለ ይሸምናል። 60 ልጅ ካለ 60 ቁራጭ ይወጣል። አሥሩን ወደ ጎን፣ ስድስቱን ወደ ታች ስትሰፉት 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሆነ መጋረጃ ይሆናል። ቀለም አትነክሩም። በጉ ራሱ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማና ግራጫ ሰጥቷችኋል።

ልጁ ምን ይወስናል? ጥሩ የሚሆነው "ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሥራ" ሲባል ነው። አንዱ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ይሠራል። አንዷ ወንዝ ስለምትሻገር መሐሉን ግራጫ ታደርጋለች። አንዱ በበጎች ብቻ ይሞላዋል፣ መንገዱ የት እንደሄደ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሠዓሊው የሚሠራው ዋናው ሥራ ቁራጮቹን ማቀናጀት ነው፦ የትኛው ከየትኛው አጠገብ ቢሆን መንገዶቹ ይያያዛሉ? ያን ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ዘርግቶ፣ እያነሳ እያስቀመጠ፣ እየተከራከረ። ለእኔ የፕሮጀክቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜ ያ ነው።

ፈትል ላይ ወንዶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። "ይሄማ የሴት ሥራ ነው።" አንዲት አሮጊት እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሲያሾሩ ቆይተው ከሁሉ የሚስቀውን ጠሩት። "ና እስቲ ጎበዝ፣ አንተ ሞክረው።" ሁለቴ ዞረ፣ ክሩ ተበጠሰ። እንደገና ቀጠሉለት፣ እንደገና በጠሰ። "እማማ፣ ክሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሸማኔው ወንድ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ መምህሯ ዝም ብላ አዳመጠች፣ ጥሩ አደረገች።

ችግሩስ? መጀመሪያ ጊዜ ይፈጃል። በሳምንት አንድ የክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ብትይዙ አንድ መንፈቀ ዓመት ይበላል። ያልታጠበ ሱፍ ይሸታል፣ ያሳክካል፤ በሙቅ ውሃና ሳሙና ሁለቴ ሳይታጠብ ክፍል አይግባ። ከአስፋልት አይታይም። በምርቃቱ ቀን እንግዶች "ይሄ ብቻ ነው?" ሊሉ ይችላሉ። ጠላቱ ብልና አይጥ ናቸው። ክረምት ከመግባቱ በፊትና መስከረም ላይ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት፣ ማራገፍ፣ እጥፋቱን መፈተሽ ነው። ቁራጭ ሲበላሽ ግን ያንን ቁራጭ ብቻ ፈትቶ ሌላ መስፋት ይቻላል። መርፌ የያዘ ማንም ሰው ይጠግነዋል። በሁለተኛው ጥያቄ ማንም አይስተካከለውም።

ሸክላ

ሸክላ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚወዱት ነው። ጭቃ ነዋ። እጁ ላይ ፈሪ የሆነ ልጅ እንኳ ጭቃ ሲያገኝ ይፈታል። 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ሰሌዳ እየሠራ በእንጨት ጫፍ ይቀርጽበታል፤ ሲያልቅ ሁሉም ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ ይለጠፋል።

ጣጣው እሳት ላይ ነው። ውስጡ እርጥበት የቀረ ሰሌዳ እሳት ሲያገኝ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። በደጋ ብርድ ደግሞ ማድረቁ ይጓተታል። በጥላ፣ በቀስታ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ሲደርቅ በአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ይኮማተራል፤ ስለዚህ ልጁ 10 የለካው 9 ሆኖ ይወጣል፣ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከሥራውም የሚሰበር አይጠፋም። ለዚህ ዝግጁ ያልሆነ ሠዓሊ የልጁን ልብ ይሰብራል። መፍትሔው እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት እንዲሠራ ማድረግ ነው። እና በሜዳ እሳት የተተኮሰ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃውን ውርጭ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። በደብረ ብርሃንና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ ከጣሪያ ሥር ወይም ቤት ውስጥ እንጂ ክፍት አጥር ላይ አትለጥፉት። ቆላ ላይ ይሄ ሥጋት የለም።

ሌላ ጉዳይ አለ፣ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም። በአገራችን ሸክላ ሠሪ ተሰድቧል። እጀ ጥበበኛ በየስሙ ተጠርቶ ተርቋል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ውስጥ ያን ሰምተዋል። ስለዚህ የአካባቢያችሁን ሸክላ ሠሪ ስትጠሩ እንደ ጭቃ አቅራቢ አትጥሯት። መምህርት ሆና ትግባ፣ ክፍያዋም እንደ ሠዓሊው ክፍያ ይጻፍ፣ ልጆቹም "ቲቸር" ይበሏት። ይሄን ካላደረጋችሁ ሠዓሊው ጥበበኛ፣ እሷ ሠራተኛ ሆና ያ የቆየው ነገር ግቢያችሁ ውስጥ ይደገማል። ይሄን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ሌላ አማራጭ ውሰዱ።

ጨርቅ ላይ የሚሣል ሥዕል

እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ "የልጆች ጌርኒካ" የሚባል እንቅስቃሴ ተጀመረ። በየአገሩ ያሉ ልጆች ከሠዓሊዎችና ከመምህራን ጋር ሆነው ስለ ሰላም ይሥላሉ። ሸራው ስፔናዊው ሠዓሊ ፒካሶ ስለ ጦርነት የሣለውን ጌርኒካ የተባለ ሥዕል ያህላል፦ 3 ሜትር ተኩል በ7 ሜትር ከ80። ለእኛ ያ ሁሉ ስፋት ግድ የለም። ሐሳቡ ግን የሚገርም ነው፤ ትልቅ፣ ግን ተጠቅልሎ የሚጓዝ።

አቡጀዲ ገዝታችሁ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ አያይዞ ይስፋላችሁ። ኮላ በውሃ አቅጥኖ አንድ ዙር፣ ከዚያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀጠን አድርጎ አንድ ዙር። ሲደርቅ የአዳራሹ ወለል ላይ ዘርጉትና ልጆቹ ዙሪያውን ይክበቡት። መሰላል የለ፣ ውርጭ የለ፣ እርጥበት የለ። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አዳራሽ የሌለው ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል መካከል ያለ በረንዳ ይበቃዋል።

የሚጠላው አጣጥፎ ማስቀመጥን ነው፤ በእጥፋቱ በኩል ይሰነጠቃል። በቧንቧ ወይም በሸንበቆ ዙሪያ መጠቅለል ነው። መልካሙ ደግሞ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው መሄዱ ነው። አንኮበር የተጀመረ ሥዕል አልዩ አምባ ሄዶ ግማሹ ሊቀጥል ይችላል። የደጋ ልጅና የቆላ ልጅ አንድ ሸራ ላይ ሲሥሉ ሰማዩ ብቻ እንኳ ይለያያል።

ስለ ተፈናቃይ ልጆች እዚህ ላይ ልናገር፣ ምክንያቱም ምርጫውን ይለውጣል። ባለፉት ዓመታት ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችን አስጠልላለች፤ አጣዬና ሸዋ ሮቢትም ያዩትን አይተዋል። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች ካሉ ጨርቅ ወይም ሱፍ ምረጡ። ነገ ወደ ቀዬአቸው ቢመለሱ የራሳቸውን ድርሻ ፎቶ ሳይሆን ሥራውን ራሱን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። "ያያችሁትን ሣሉ" ብሎ ማስጨነቅ ግን የለም። የፈለገ ራሱ ይሥለዋል፣ ያልፈለገ በግ ይሣል። አንዳንድ ሠዓሊ ኃይለኛ ሥራ ፍለጋ ልጁን ይገፋዋል፤ መምህሩ እዚያው ተቀምጦ ቢያስቆመው ይገባል።

ከወዳደቁ ዕቃዎች

ይሄ አሁን ፋሽን ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ አበባ፣ ከቆርኪ ዓሣ። ርካሽ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ለአንድ ሳምንት ኤግዚቢሽን ጥሩ ነው። ውጭ ለሚቆም ሥራ ግን አልመክርም። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ፕላስቲኩ ይገረጣል፣ ይሰባበራል፣ ከዚያ እንደገና ቆሻሻ ሆኖ ግቢው ውስጥ ይበተናል። የቆርቆሮ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል። ኮምፐልሳቶ ላይ ተመትቶ ቤት ውስጥ የሚሰቀል የቆርኪ ሥራ ብቻ ነው የሚሰነብተው።

የትኛው ሠዓሊ?

ልጆቹ ሠዓሊ ሁሌ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንዳይመስላቸው። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለደው አንኮበር ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወት የሠራው እሱ ነው። በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላምም የፍቼ ሰው ናቸው። ሁለቱም የዚሁ የሸዋ ምድር ልጆች ናቸው።

ከዚያ ውጪ ምርጫው በሥራው ይወሰናል። ለግድግዳ፣ የማስታወቂያ ጸሐፊው ከምሩቁ ሊበልጥ ይችላል፤ የትኛው ቀለም በየትኛው ልስን ላይ እንደሚቆይ በገዛ ኪሱ ከፍሎ ተምሮታል፣ ሲበላሽም እዚያው ሰፈር ነው። ምሩቁ ደግሞ የልጅን ሥዕል ማክበርና ማቀናጀት ላይ ይሻላል፣ ሁሉም ባይሆንም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መስመሩ የጠራ ነው፣ ቀለም መበጥበጥም ያውቃል። ግን ሥርዓት ያለው አሣሣል ስለለመደ ልጆቹን "እንዲህ አይደለም" ማለት ይቀናዋል። እሱን ከያዛችሁ የንድፉን ቀን ለመምህሯ ስጧት፣ የቅቡን ቀን ለእሱ።

ለሁሉም የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ፦ "ልጅ ያበላሸውን ምን ታደርገዋለህ?" "ማታ እነሱ ሲሄዱ አስተካክለዋለሁ" ካለ ሸኙት። "ከእሱው ጋር ሆነን ወደ ሌላ ነገር እንለውጠዋለን" ካለ ሻይ ጋብዙትና ዋጋ ተነጋገሩ።

ስንት ልጅ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ግድግዳ ላይ በአንድ ጊዜ ከ12 ልጅ በላይ አይሠራም፤ የቀረው ይረብሻል። ጨርቅ ላይ 20 ይችላል። ሱፍና ሸክላ ሙሉ ክፍል ይይዛሉ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱ ቁራጭ አለው። በአንድ ክፍል 60 ልጅ ያለው ትምህርት ቤት ግድግዳ ሲመርጥ "ጎበዝ የሚሥሉትን" ይመርጣል፣ ሌላው ይቀራል። ሥዕል የማይችለው ልጅ ነው ግን ይሄ ሥራ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው። ስለዚህ ግድግዳ ካላችሁ በፈረቃ አድርጉት፣ ስም ዝርዝር ይለጠፍ፣ ማንም አይዘለል።

ውሉ

ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ከሠዓሊው ጋር የምትፈራረሙት ወረቀት ግን ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ንድፉ ከልጆቹ ሥዕል እንደሚወጣ ይጻፍበት። የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ በሠዓሊው ገጽ ላይ እንዳይወጣ ይጻፍበት። የቀለሙ ዓይነትና ቁጥር ይጻፍበት፤ ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ ትንሽ ጣሳ ተከድኖ ለርዕሰ መምህሩ ይቅር፣ ክዳኑም ላይ የት እንደተቀባ ይጻፍ። ሠዓሊው ሦስት ተማሪዎችንና አንድ መምህር ጥገና አሠልጥኖ እንዲሄድም ይጻፍበት።

ክፍያው በሦስት ይሁን። ዕቃ መግዣው መጀመሪያ። የድካሙ አብዛኛው ሥራው ባለቀ ማግሥት፣ አታጓትቱበት፤ ቤተሰብ አለው። ከአሥር አንድ ያህሉ ግን መስከረም ላይ ይከፈል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጥቶ ከልጆቹ ጋር ይዞረዋል፣ ያበጠውን ይፍቃል፣ የተፈታውን ይሰፋል፣ ቀሪ ክፍያውን ይቀበላል።